ለሁሉም አንድ ተማሪ

«ወንድም ጋሼ፣ ያ ድምፅህ እንዴት ነው? አሁንም እንደዚያው ነው?»

ታናሽ እህቴ ናት፣ በስልክ። እኔ መሰላል ላይ ነኝ፤ በእጄ የቀለም ብሩሽ፣ በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ስልኩ።

«ምን ሊሆን ነበር ታዲያ?»

«አልተሻለውም ወይ?»

«የሚሻለው ዓይነት አይደለም።»

«ተመስገን! በል ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ ብቅ በል፤ በጣም ትፈለጋለህ» አለችና ዘጋችው።

ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ድምፅ የተነሳ «እባክህ ዝም በል» ስባል ኖሬአለሁ። በእሱ የተነሳ ስፈለግ የመጀመሪያዬ ስለሆነ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሥራዬ ቤት መቀባት ነው። ቀኑን የማሳልፈው ገና ሰው ባልገባባቸው ባዶ ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ባዶ ክፍል ደግሞ ድምፅ ያምርበታል። ትንሿን ሬዲዮኔን መስኮት ላይ አስቀምጬ እየቀባሁ አዳምጣለሁ። ማዳመጥን ማንም አላስተማረኝም፤ በብዙ ዓመት፣ በብዙ ግድግዳ የለመድኩት ነው። መዝፈን ግን አልተሰጠኝም። ሰው ሽቅብ ሲወጣ የእኔ ድምፅ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰው ሲወርድ እሱ ያኔ መውጣት ያምረዋል። ጸሎት ቤት ሕዝቡ አንድ ላይ ሲያዜም ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ፈጣሪ ልብን ይሰማል እያልኩ እጽናናለሁ። አጠገቤ የሚቆመው ሰው ግን ልብ አይሰማም፤ የሚሰማው በጆሮው ነው።

እህቴ የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ናት። ሐሙስ ስደርስ በሩ ላይ ጠብቃኝ ወደ ውስጥ እየጎተተችኝ ነገሩን አስረዳችኝ። ለጀማሪዎች የድምፅ ኮርስ አንድ የትርፍ ሰዓት መምህር ሊቀጠር ነው። ኃላፊዋ ደግሞ የራሷ የሆነ አሠራር አላት፤ ለቦታው የሚወዳደር ሰው ዘፍኖ አይፈተንም፣ አስተምሮ ነው የሚፈተነው። የሚያስተምረውም ጨርሶ ዘፍኖ የማያውቅ ሰው ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስተምረዋል፤ በመጨረሻ ከፒያኖው መሀል አንዲት ድምፅ ትነካለች፣ ተማሪው ያቺን ድምፅ በአፉ መመለስ አለበት። ሌላ ምንም አይጠየቅም።

«ዘፋኝን ማስዘፈንማ ማንን ያቅታል ትላለች» አለችኝ እህቴ። «ሁልጊዜ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የየራሱን ተማሪ ነበር የማዘጋጀው። ዘንድሮ ሦስት ይዤ ነበር። አንደኛው ጉንፋን ይዞት ቀረ። ሌላው አልችልም እያለ ሲምልልኝ ከርሞ ዛሬ ጠዋት ቢሞክሩት ጉድ አደረገኝ።»

«እንዴት?»

«ዘፈነ! ያውም አንጀት በሚበላ ድምፅ። ኃላፊዋ አመስግና ሸኘችው። የቀረኸኝ አንተ ነህ።»

«ለሦስት ሰው እኔ ብቻ?»

«ምን አለበት? ያንተ ድምፅ እንደሆነ በሦስት ሰው ተሞክሮ አያልቅ። እንዲያውም ኃላፊዋ ደስ ነው ያላት፤ ለሁሉም አንድ ተማሪ ከሆነ ማንም አይበደልም ብላለች።»

እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንዲት ሴት ጥቁር ጃንጥላ ጭኗ ላይ አጋድማ ስልክ ታወራለች። ቀስ ብላ ነበር የምታወራው፤ ጆሮዬን ግን ምን ላድርገው፣ ልማዱ ነው።

«ወንድሜ፣ ቃሌን አላጥፍም። ዛሬ ካልሆነ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ሱቁን ከአንተ ጋር እይዛለሁ… አዎ፣ ቆርቆሮም ሚስማርም እሸጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሙዚቃ አንዲት ቃል አልተነፍስብህም አልኩህ እኮ። ብቻ ዛሬን ተወኝ።»

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች። እኔም በሆዴ፣ አምላኬ ሆይ፣ በእኔ ድምፅ የተነሳ የሰው ዕድል እንዳይበላሽ አልኩ። ስማችንን ለመጥራት እህቴ ወጣች። የመጀመሪያዋ ተወዳዳሪ ባለ ጃንጥላዋ ራሷ ነበረች።

ክፍሉ ሰፊ ነው፤ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ኋላ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዷ ኃላፊዋ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት። ሌላው የቲዎሪ መምህሩ ናቸው፤ ሸበቶ፣ ቀጥ ያሉ ሰው። ጣታቸው ጠረጴዛውን መምታት ስለማያቋርጥ ተማሪዎቹ ሜትሮኖም ይሏቸዋል፤ ያ ቀጭ ቀጭ እያለ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ ማለት ነው።

ባለ ጃንጥላዋ ጃንጥላዋን ፒያኖው ላይ አስደገፈችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲጠሩ እንዴት ነው የሚጠሩት?»

«እንደማንኛውም ሰው።»

«እስቲ ይጥሩልኝ። ራቅ ያለ ክፍል ያለ ሰው።»

አፈርኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቃት እህቴን ብቻ ስለሆነ «እቴዬ!» ብዬ ጮህኩ። እህቴ ከልማዷ «አቤት!» ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ ከሜትሮኖም በቀር።

ባለ ጃንጥላዋ ፒያኖው ላይ ጎንበስ ብላ በአንድ ጣቷ ፈለገች። አንዷን ነካች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀጥሎ ያለችውን ነካች። «አገኘኋት። ይህቺ የእርስዎ ናት። ከዚህ ነው የተጣሩት። አሁን እንደፈለጉ ይሂዱ፤ እርስዎን መከተል የእኔ ሥራ ነው።»

ጉድ እኮ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ድምፅ ይሰጠኝና እሱን ተከተል ይለኝ ነበር፤ እኔን የተከተለኝ ግን አልነበረም። እምም አልኩ፣ ፒያኖው እምም አለ። ወረድኩ፣ ወረደ። እንደ ሕፃን ልጅ መጫወት አማረኝ። ከዚያ «አሁን እርስዎ ባሉበት ይቁሙ፤ የምሄደው እኔ ነኝ» አለችና ሌላ ቁልፍ ነካች። «እንዳይዘፍኑ! በእጅዎ ብቻ ያሳዩኝ። ወዴት ሄድኩ? ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ከፍ አደረግሁት። «ብዙ ነው ትንሽ?» ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። ልክ እሷ ያለችበት ስደርስ ቆምኩ። ማዳመጥ ስለሆነ ቀለለኝ። እንዲህ እያለች ስትሄድ፣ እኔም በእጄ ስከተል ሰዓቱ አለቀ።

ኃላፊዋ የተወሰነችውን ድምፅ ነካች። አፌን ከፈትኩ። ተደናገጥኩና ድምፄ ወደ ድሮ መንገዱ ሄደ፤ ግድግዳ የሚፋቅ ይመስል ነበር።

«ተማሪው ድምፁን አላወጣም» አሉ ሜትሮኖም፣ ጣታቸው ሳይቆም። «ለነገሩ መቼ ዘፈነና? ግማሹን ሰዓት እጁን ሲያወዛውዝ ነው የዋለው።»

ሴትየዋ ቦርሳዋን አነሳች። እኔን ብቻ አየት አደረገችና «ጥሩ ጆሮ አለዎት ጋሼ» ብላ ወጣች። ጃንጥላዋን ረስታዋለች።

ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የማርሽ ባንድ አለቃ ናቸው። «ደረት ይነፋ! አገጭ ይነሳ!» ብለው ጀመሩ። ደረቴን ነፋሁ። «ላንቃ ይከፈት!» ከፈትኩ። ሲያልቅ ያወጣሁትን ድምፅ ሰምተው «አንተ ሰውዬ፣ ለጠላት ብናሰማህ ጥሩ ነበር» አሉኝና ጀርባዬን መታ መታ አድርገው እየሳቁ ሄዱ። ቂም የሌላቸው ሰው ናቸው።

እረፍት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ስቀመጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የጣሪያው ማራገቢያ እዝዝ ይላል፤ እጄ ጭኔ ላይ ሆኖ ማራገቢያውን እየፈለገ ነው። የሆነ በር ሲጥ አለ፤ እጄ ተነሳ። ቁም ብለው አይቆምም። ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው? ብዬ እጄን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየሁት።

ሦስተኛው ሰማያዊ ከረባት ያሰረ፣ ትሑት የሚመስል ወጣት ነው። ብዙም ነገር አላደረገም፤ እንዴት እንደምተነፍስ አሳየኝ፣ እንዳልፈራ ነገረኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ ኃላፊዋ ያቺኑ ድምፅ ነካች። እኔም በሆዴ መጀመሪያ የራሴን ጠራሁ፣ ያቺን «እቴዬ!» ያልኩባትን። ከዚያ እጄ ጭኔ ላይ ትንሽ በትንሽ ተነሳ፤ እዚህ ጋ ነች ብሎ ቆመ። አፌን ከፈትኩ።

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። የእኔና የፒያኖው ሁለት መሆናቸው ጠፋኝ።

«ይኸው!» ሜትሮኖም ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ማስተማር ማለት እንዲህ ነው!» እህቴ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አገኘችው። ባለ ከረባቱ ብቻ አፉን እንደከፈተ እኔን ያየኛል፤ ከሁላችንም የደነገጠ እሱ ነበር።

እኔም ደስታው አንገቴ ድረስ ሞላኝ። ኮሪደር ወጥቼ ስቀመጥ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ድምፁ ከየት መጣ? ባለ ከረባቱ መተንፈስ አስተማረኝ፤ መተንፈስ ደግሞ ድሮም አውቃለሁ። እጄን ያስነሳኝ ማን ነው?

ሲገባኝ ብድግ አልኩ።

«እቴዬ፣ የዘፈንኩት በመጀመሪያዋ ትምህርት ነው» አልኳት።

«ምን?»

«ያስተማረችኝ ባለ ጃንጥላዋ ናት። አልገባኝም ነበር፤ ቆይቶ ነው የገባኝ።»

እህቴ ግራ ቀኙን አየች። «ወንድም ጋሼ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ ዝም በል። ሊፈራረሙ ነው። ለሁሉም አንድ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከሥራዬ ልታስወጣኝ ነው?»

«ሴትየዋ እኮ ነገ ሚስማር ልትሸጥ ነው።»

«ምን ሚስማር?»

አምላኬ፣ አንደበቴን አቅናልኝ ብዬ በሩን አንኳኳሁ።

ኃላፊዋ እስክጨርስ ሰማችኝ። ሜትሮኖም ግን ገና ከመጀመሬ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ክፍል ውስጥ ባየነው ነው የምንፈርደው። ሰውየው በሦስተኛው ዘፍኗል፤ አለቀ።»

«ፕሮፌሰር፣ በሦስተኛው ነው የዘፈንኩት፤ የተማርኩት ግን መቼ እንደሆነ እኔም አሁን ነው ያወቅሁት።»

ኃላፊዋ ወደ ወጣቱ ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ከረባቱን ላላ አደረገ። «ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ ልተወው አልልም። ግን እኔ የደረስኩት ውሃው ሲፈላ ነው፤ የጣደው ሌላ ሰው ነው። ስጀምር ተዘጋጅተው ነበር። ምን እንዳደረገቻቸው ባይ ደስ ይለኛል።»

«እኔም» አለች ኃላፊዋ። ሰውነቷ ወደ ፊት ዘንበል ሲል አየሁት፤ እንደ እኔው ከንክኗታል። «አዲስ ተማሪ እናምጣና ትድገመው። እቴ፣ አንድ የማይዘፍን ሰው ፈልጊልኝ።»

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ነው!» አለች እህቴ። «የማይዘፍን ከየት አመጣለሁ?»

እሷ ፍለጋ ስትወጣ እኔ ጃንጥላውን ይዤ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጥኩ። አውቶቡሱ ዘግይቶ ኖሮ ባለ ጃንጥላዋ አሁንም ሰልፉ መሀል ቆማለች።

«ጃንጥላዬን! እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ምነው ለዚህ ብለው…»

«ለዚህ ብቻ አይደለም። ተመለሺ ብለውሻል።»

«ለምን?»

«ዘፍኜ።»

አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ከኋላዋ ያሉት ሰዎች «እትዬ፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?» አሏት። አውቶቡሱን አየች፣ እኔን አየች። «የት ላይ ነው የዘፈኑት? እጅዎ ተነሳ?» አለችኝ። ከሁሉ በፊት የጠየቀችው ይህንን ነው። ተነሳ አልኳት፤ ከሰልፉ ወጣች።

ስንመለስ እህቴ በሩ ላይ ተሸንፋ ቆማለች። ዘበኛውን ብትጠይቃቸው «ምን ልዝፈንልሽ?» ብለው እዚያው ጀመሩላት። የጽዳት ሠራተኛዋ የመዘምራን መሪ ናት። የአትክልተኛው ድምፅ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። «ከዚህ ሕንፃ ውስጥ የማይዘፍነው ወንድሜ ብቻ ነበር፤ እሱም ዛሬ ተበላሸብኝ» አለች።

«እኔ አለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

ሁላችንም ዞርን። ሜትሮኖም ናቸው። ጣታቸው ቆሟል።

«እርስዎ?» አለች ኃላፊዋ።

«ዘፍኜ አላውቅም። አይወጣልኝም። ለተማሪዎቼ የማሳያቸው በፒያኖ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን?»

«አልጠየቅሽኝማ።» ተነሱና ኮታቸውን አስተካክለው እኔ የነበርኩበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ነገሩ ማታለያ ከሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅበት የለም። ካልሆነም…» አልጨረሱትም።

ባለ ጃንጥላዋ ፊታቸው ቆመች። ከጥቂት ሰዓት በፊት ሲያጣጥሏት የነበሩ ሰው ናቸው። «ፕሮፌሰር፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲጠሩ እንዴት ነው?»

«ሰው አልጠራም።»

«ጨርሶ?»

«ባለቤቴን… ከጓሮ ስትሆን።»

«ይጥሯት።»

ባለ ከረባቱ ወለሉን ያያል። ሽማግሌው መስኮቱ ላይ ዓይናቸውን ተከሉና «የት ነሽ?» አሉ። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ያልሰማው ድምፅ ነበር፤ ለስላሳ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ። እህቴ እጄን ያዘችኝ።

ባለ ጃንጥላዋ ፒያኖው ላይ ፈለገችው። «ይህቺ የእርስዎ ናት» አለች።

ከዚያ ልክ ከእኔ ጋር እንዳደረገችው አደረገች። ተከተለቻቸው፤ ከዚያ በእጃቸው አስከተለቻቸው። እጃቸውን ማንሳት ከበዳቸው፤ በመጨረሻ አንድ ጣት ብቻ ማንሳት ጀመሩ፣ ያንኑ ምት የሚመታውን ጣት። እሷም በጣት ይሁን አለች። ሰዓቱ አለቀ። ኃላፊዋ ድምፁን ነካች፤ ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ምንም አልወጣም።

«አልቻልኩም» አሉ፤ በንዴት ግን አልነበረም።

ባለ ጃንጥላዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ይቆያል እኮ። ወዲያው አይመጣም። እኔም ይህን ማስረዳት አልችልበትም።» ሁሉንም አመስግና፣ ጃንጥላዋን አሁንስ አልረሳም ብላ ይዛ ወጣች። የጫማዋ ድምፅ ደረጃው ላይ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ።

ልቤ ተሰበረ። የባሰ አደረግሁባት ብዬ አሰብኩ፤ አውቶቡሷንም አስመለጥኳት።

ኃላፊዋ ተነስታ የፒያኖውን ክዳን ልትዘጋ ሄደች። ከመዝጋቷ በፊት፣ እንዲሁ በእጇ ልማድ፣ ያቺን ድምፅ አንዴ ነካቻት።

ሜትሮኖም ኮታቸው ውስጥ የሆነ ነገር እየፈለጉ ነበር። ከጉሮሯቸው እምም የሚል ድምፅ ወጣ፤ ከታች፣ ከ«የት ነሽ» ሰፈር። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ጣታቸው ቀስ ብላ ተነሳች። ድምፁም አብሯት ትንሽ ወጣ፣ ቆመ፣ ደግሞ ወጣ። ፒያኖው ላይ የቀረው ድምፅ ሊሞት ሲል ደረሰበት። ሁለቱ ገጠሙ።

ሽማግሌው እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ቀና አሉና ሁላችንንም አዩን። «እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት» አለች ኃላፊዋ፣ ክዳኑን እንደያዘች። ከዚያ ወደ ባለ ከረባቱ ዞረች።

እጁን አነሳ። «ገባኝ። ብቻ እሷ ስታስተምር ኋላ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ።»

«እሷን ጠይቃት። እቴ፣ ቶሎ ጥሪያት!»

የእህቴ ተረከዝ ረጅም ስለሆነ የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ባንድ ቀን ሁለቴ። ባለ ጃንጥላዋ ግቢው በር ላይ ደርሳለች፤ ስልኳን ይዛ ቁጥር እየፈለገች ነበር። ስታየኝ ደንግጣ ብብቷን ዳሰሰች፤ ጃንጥላዋ አለ።

«ደግሞ ምን ረሳሁ ጋሼ?»

«አሁንስ የረሳነው እኛ ነን» አልኳት፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። «ፕሮፌሰሩ… ድምፁ መጣላቸው።»

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ወንድሟ ያን ቀን አልተደወለለትም፤ በማግስቱ ሱቁንም ብቻውን ከፈተው።

በሚቀጥለው የጸሎት ቀን በተለመደው ቦታዬ ቆምኩ። ሕዝቡ ማዜም ጀመረ። እኔ ቶሎ አልጀመርኩም፤ መጀመሪያ የራሴን ፈለግሁ፣ አገኘኋት። እጄን ከነጠላዬ ስር ቀስ እያደረግሁ አነሳሁ። አጠገቤ የሚቆመው ሰው በአንድ ዓይኑ አየኝ። አላፈርኩም፤ ትንሽ በትንሽ እየወጣሁ ተከተልኳቸው። እነሱ ፈጣን ናቸው፣ እኔ ቀርፋፋ ነኝ። «አሜን» ላይ ደረስኩባቸው።